«ቤዝ ለደሴ ልጅ ኪሳራ ነው» ላሉን ወንድም

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ ሙዚቃ የሚነካካ ሰው ሁሉ የተቀባበለው ጽሑፍ አለ። ለእኔም ከብዙ አቅጣጫ ደርሶኛል። ግማሹ «እውነቱን ተናገረልን» ብሎ ላከው፣ ግማሹ «ይሄን ሰውዬ አንድ በለው» ብሎ። ጸሐፊው ስማቸውን አልገለጹም። መድረክ የሚያውቁ ሰው መሆናቸው ግን ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። የጻፉትም ቤዝ ጊታር ልጀምር የሚል ወጣት እንዳይሸወድ ተቆርቁረው ነው። ለዚህ ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ምክራቸው ግን በአብዛኛው ልክ አይደለም። አንዳንዱ እንዲያውም የልጆቹን ገንዘብ የሚያስበላ ነው።

ያሉት ባጭሩ ይኸው። ባለ 4 ክር ቤዝ ጊዜው አልፎበታል፤ የሚገዛ ሰው ባለ 5 ይግዛ። ርካሽ ቤዝ ጣት ያበላሻል፤ ኦሪጂናል እስኪገኝ መጠበቅ ይሻላል፣ አምፕሊፋየሩንም አሜሪካ ያለ ዘመድ ቢልከው ይመረጣል። አምፕ ሲገዛ ዋቱ የበዛውን ነው። በፒክ (በትንሿ የክር መምቻ) መምታት የሰነፍ ነው፤ ጣቱ አጭር የሆነ ሰውና ሴት ልጅ ሌላ መሣሪያ ቢመርጡ ይበጃቸዋል። ሜትሮኖም (ምትን በእኩል ፍጥነት የሚቆጥረው መሣሪያ) ለፈረንጅ ሙዚቃ የተሠራ ነው፤ ችክችካ (በስድስት ምት የሚሄደው የእኛ ስልት) በደማችን ስላለ በሜትሮኖም መለማመድ ስሜት ይገድላል። የመጨረሻዋ፣ ብዙ ሰው ያጨበጨበላት ደግሞ ይህች ናት፦ በእኛ ከተሞች ሰርጉንም ምሽት ቤቱንም ኪቦርድ ይዞታል፣ ግራ እጁ ቤዙን ይጫወተዋል፣ ስለዚህ ለደሴ ልጅ ቤዝ መማር ኪሳራ ነው።

ያጣመምኩባቸው ነገር ያለ አይመስለኝም። አሁን በየተራ ልሂድ።

በክሩ ብዛት ልጀምር። እዚህ ላይ ጸሐፊው አንድ እውነት ይዘዋል። ባለ 4 ክር ቤዝ ከወፍራሙ ክር ሲጀመር ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ተብሎ ነው የሚቃኘው። ከኢ በታች የለውም። ድምፃዊው «ዛሬ ጉሮሮዬ ከብዶኛል፣ ትንሽ ዝቅ አድርጉልኝ» ሲል ኪቦርዲስቱ ትራንስፖዝ የምትለዋን ቁልፍ ነክቶ ጨረሰ። ቤዚስቱ ግን ኢ ፍላት (ከኢ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው ኖት) ሲመጣበት ከታች መሬት የለውም፤ ወደ ላይ ይዘላል፣ ዘፈኑም ይቀልበታል። ያኔ አምስተኛዋ ክር ትናፍቃለች። አልክድም።

ይሄ ግን ባንድ ውስጥ የሚሠራ ሰው ችግር ነው እንጂ የጀማሪ ችግር አይደለም። መድረክ ላይም ቢሆን ወፍራሙን ክር ወደ ኢ ፍላት ወይም ወደ ዲ ማውረድ ሴኮንዶች የሚፈጅ ሥራ ነው። ጀማሪው ባለ 5 ሲገዛ የሚጠብቀውን ደግሞ ጸሐፊው አልነገሩትም። አንገቱ ይሰፋል። የማይመታ አንድ ክር ይጨመርበታል፣ ያም ክር በራሱ እንዳይጮህ ሁልጊዜ መታፈን አለበት። አምስተኛዋ፣ የቢ ክር፣ 31 ኸርዝ አካባቢ ናት፤ በጣም ዝቅ ያለ ድምፅ ነው። መኝታ ቤት የምትቀመጥ ትንሽ አምፕ ይህን ድምፅ በወጉ አታወጣውም፤ የሚሰማው ከላይ ያለው ጭራው ነው። ርካሽ ባለ 5 ላይ ደግሞ ይቺው ክር ብዙ ጊዜ ላላ ትላለች፣ ኖቷም ተለይቶ አይሰማም። ልጁ ከፍሎ የገዛው አንድ ጭቃ ድምፅ ነው።

«ጊዜው አልፎበታል» ለሚለው ቃልማ አሜሪካዊውን ቤዚስት ጀምስ ጄመርሰንን መጥራት ይበቃል። መሣሪያ ሠሪው ሊዮ ፌንደር ፕሪሲዥን የተባለውን ቤዝ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ጄመርሰን ሞታውን የተባለውን የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ ዘፈኖች የተጫወተበት በስፋት የሚታወቀው ቤዝ የ1962 ፕሪሲዥን ነበር፤ ባለ 4 ክር። ቀኝ እጁ ላይ የሚሠራው አንድ አመልካች ጣት ነው። ክሩንም ካልተበጠሰ አይቀይረውም ነበር። ዛሬም ባለ 5 እና ባለ 6 የያዙ ቤዚስቶች ቁጭ ብለው የሚያጠኑት የእሱን መስመር ነው።

ወደ ዋጋው እንለፍ። ርካሽ ቤዝ ጣት ያበላሻል ይላሉ። ጣት የሚያበላሸው ዋጋው ሳይሆን ክሩ ከፍሬቱ (አንገቱ ላይ በተርታ ከተሰካው ቀጭን ብረት) የራቀበት ርቀት ነው። አዲስ አበባ ተገዝቶ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ተንገጫግጮ ደሴ የገባ ቤዝ በደንብ ተስተካክሎ እንዲደርስ አትጠብቁ። 12ኛው ፍሬት ላይ ማስመሪያ አስጠግታችሁ ለኩ። ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ሥር 2 ሚሊ ሜትር ወይም ሁለት ተኩል አካባቢ ከሆነ ለጀማሪ ይመቻል። 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ የዓለም ውዱ ቤዝም ጣት ያቆስላል። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ አንዲት አለን ቁልፍ ናት። ብሪጁ (ክሩ ገላው ላይ የሚያርፍበት ብረት) ላይ ክሩ የተቀመጠባቸውን ትንንሽ ብሎኖች በእሷ ዝቅ ማድረግ ነው።

አንገቱ ጎብጦ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ወፍራሙን ክር አንደኛውና የመጨረሻው ፍሬት ላይ በሁለት እጅ ተጫኑት። ከዚያ 7ኛው ወይም 8ኛው ፍሬት ጋ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ተመልከቱ። የቢዝነስ ካርድ ውፍረት ካለው ጤነኛ ነው። ከዚያ በጣም ከሰፋ፣ ወይም ጭራሽ ከሌለ፣ አንገቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ መዞር አለበት። ሩብ ዙር ብቻ። ቃኝቶ፣ አይቶ፣ አስፈላጊ ከሆነ በማግስቱ ሌላ ሩብ። እምቢ ካለ በጉልበት አይሞከርም፤ የሚያውቅ ሰው ዘንድ ይወሰዳል።

የእኛን አገር አየርም አስቡት። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በሀረጎ ቁልቁል ሲወረድ ብርዱ ከኋላ ይቀራል። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ክሩ ይላላል፣ ቅኝቱ ይወርዳል። እንጨቱም እርጥበት በተለወጠ ቁጥር የራሱን ያደርጋል። ለዚህ ውድ ርካሽ የለም። ኮምቦልቻ ሰርግ ያለው የደሴ ቤዚስት ቀደም ብሎ ደርሶ ቤዙን ከቦርሳው ያወጣል፣ ከአየሩ ጋር ያለማምደዋል፣ ከዚያ ይቃኛል። መኪና ውስጥ ቃኝቶ የመጣ ሰው የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ይጋለጣል።

ስለዚህ «ኦሪጂናል እስኪገኝ ጠብቁ» የሚለውን ምክር ተዉት ባይ ነኝ። የሚጠብቅ ልጅ ጣቱም አይጠነክርም፣ ጆሮውም አይከፈትም። ጸሐፊው ልክ የሆኑበት ቦታ አለ፦ አስመስሎ የተሠራ ስም ተለጥፎበት በኦሪጂናል ዋጋ የሚሸጥ ዕቃ ሞልቷል። እሱን በማጋለጣቸው ደስ ብሎኛል። መፍትሔው ግን ስሙን ትቶ ዕቃውን መመርመር ነው። ያገለገለ ቤዝ ስታዩ አንገቱን እንደ ጠመንጃ አልማችሁ እዩት፤ የተጣመመ ከሆነ ወዲያው ይታያችኋል። እያንዳንዱን ክር እያንዳንዱ ፍሬት ላይ ተጫወቱ፣ የሚንጫጫና የሚሞት ኖት ካለ አስተውሉ። 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኑ በጣት ነክታችሁ ብቻ ሃርሞኒኩን አውጡ፣ ከዚያ ተጭናችሁ ምቱ፤ ሁለቱ በቱነር (ቅኝት መለኪያው) ላይ አንድ መሆን አለባቸው። የተጫናችሁት ከፍ ካለ ክሩ የተቀመጠበትን ብረት ወደ ኋላ መሳብ ነው። ቮሊዩሙን አዙሩ፣ ጃኩን ወዝወዝ አድርጉ። ቁርቁር ካለ ማጽጃ ወይም ብየዳ ይፈልጋል፤ ለመከራከሪያም ይሆናችኋል።

«ሁምም» የሚል ድምፅ ካለ ክሩን በእጃችሁ ንኩት። ሲነካ ከጠፋ የቤዙ ግራውንድ ተያይዟል። ሲነካ ከባሰ ውስጥ የተበጠሰች ሽቦ ልትኖር ትችላለች። ክሩ ከነዘራችሁ ግን ቀልድ የለም። ሶኬቱን ንቀሉ፣ መስመሩ ሳይታይ አትመለሱበት።

ክር ውድ ነው፣ እንደልብም አይገኝም፣ እውነት ነው። የደነዘዘ ክብ ጥቅል ክር (ላዩ በክብ ሽቦ የተጠቀለለ) ፈትቶ ለጥቂት ደቂቃ ውሃ ውስጥ ማፍላት የቆየ የቤዚስቶች ዘዴ ነው። ቆሻሻው ይወጣል፣ ድምፁም ለተወሰነ ጊዜ ይመለሳል። በደንብ አድርቁት እንጂ ይዝጋል። ድስቱን ከእናታችሁ አስፈቅዱ።

አሜሪካ ያለ ዘመድ ስለሚልከው አምፕ ደግሞ ጸሐፊው ዋናውን ነገር ረስተውታል። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው። የእኛ 220። ለዚያ የተሠራ አምፕ እዚህ ቀጥታ ሲሰካ የሚሰማው የመጀመሪያ ድምፅ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 230 ወይም 240 የሚል መቀየሪያ ከሌለው ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ አቅሙም አምፑ ከሚበላው በላይ መሆን አለበት። ይህን ሁሉ አስልቶ ካሰበው፣ እዚሁ ያለ ያገለገለ አምፕ ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ዋቱን በአጭሩ ልለፈው። ቤዝ ከጊታር የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል፣ እዚህ ላይ አንጣላም። ግን ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፅ እጥፍ አይሆንም። ከ100 ወደ 200 ዋት መሄድ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ነው፤ ጆሮ ለጥቂት ነው የሚለየው። «እጥፍ ጮኸ» ለማለት አሥር እጥፍ ገደማ ዋት ይጠይቃል። ስለዚህ ልዩነቱን የሚያመጣው ስፒከሩ ነው፣ አቀማመጡም ጭምር። ያችኑ አምፕ ከአዳራሽ ጥግ ግድግዳ ሥር አስቀምጧት፣ ቤዙ ያብጣል። ድንኳን ውስጥ መሀል ላይ አስቀምጧት፣ ይጠፋል። ለቤት ልምምድማ ጆሮ ማዳመጫ ይበቃል። ጎረቤትም ያመሰግናል።

የፒኩ ነገር ለመከራከርም አይመች። ካሮል ኬይ በሎስ አንጀለስ ስቱዲዮዎች ውስጥ ለቁጥር የሚታክት ዘፈን ላይ ቤዝ የተጫወተች ናት። በፒክ። ሴት ናት። አንዷ ሴት ሁለት ነጥባቸውን አንድ ላይ ወሰደችባቸው። አዳራሹ የሚያስተጋባ ሲሆን የፒክ ምት ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ጣት ደግሞ ለስላሳና ወፍራም ነው። ዘፈኑ የሚፈልገውን መምረጥ ነው እንጂ ስንፍና ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ጣት አጠረ ለሚባለው ደግሞ ቁጥር ላቅርብ። የተለመደው ቤዝ የክሩ ርዝመት 34 ኢንች ነው፣ 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ። አጭሩ 30 ኢንች ነው። የመጀመሪያው ፍሬት ስፋት በ34ቱ 48 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን በ30ው 43 አካባቢ ይሆናል። አምስት ሚሊ ሜትር ትንሽ ትመስላለች፤ አራት ጣት ሲዘረጋ ግን ትታወቃለች። ፖል ማካርትኒ ከቢትልስ ጋር ስሙን ያስጠራበት ሆፍነር አጭር ቤዝ ነው። በረጅሙም ቢሆን እያንዳንዱ ጣት የራሱ ፍሬት ይኑረው የሚል ሕግ የለም። ከትልቁ ቁም ቤዝ የመጣው አያያዝ ታች ባሉት ፍሬቶች ላይ የሚጠቀመው አመልካች፣ መሀል ጣትና ትንሿን ጣት ነው፤ የቀለበት ጣት ትንሿን ያግዛል። የደሴ እህቶቻችን፣ አብሽሩ፣ እጃችሁ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሜትሮኖም የፈረንጅ ነው፣ ችክችካ በደማችን ነው፣ ተባለ።

ግማሹን እቀበላለሁ። የእኛ ልጅ ሰርግ ላይ ሲያጨበጭብ፣ መንዙማ ሲሰማ፣ ከበሮ ሲመታ ነው ያደገው። ስድስቱን ምት ማንም ሳያስተምረው ያውቃቸዋል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ችክችካን ከመጽሐፍ የሚማር የውጭ ሙዚቀኛ ዓመታት የሚፈጅበትን የእኛ ልጅ ገና እንደቆመ ይጨፍረዋል። ግን በደም ያለ ነገር ደም ሲሞቅ አብሮ ይሞቃል። ሙሽራው ሲገባ፣ እልልታው ሲቀልጥ፣ ድራመሩ ይፈጥናል፣ ቤዚስቱ ይከተለዋል፣ ዘፈኑ ሲያልቅ ሲጀምር ከነበረበት በጣም ርቆ ተገኝቷል። ድምፃዊው ቃላቱን ይውጣል። አስተዋይ ቤዚስት ካለ ግን ሳይታወቅ ይይዘዋል። ያ ሰው እየፈጠነ መሆኑን የሚያውቀው ደሙ ነግሮት አይደለም። ከራሱ ውጭ በሆነ ነገር ራሱን ለክቶ ስለሚያውቅ ነው።

ታሪኩም እሳቸውን አይደግፍም። የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራ ሰዎች ኖታ እያነበቡ፣ የመሪውን እጅ እያዩ ነው የተቀረጹት። ያ እጅ ሜትሮኖም አልነበረም ማለት ይቻላል? ስሜታቸውን ገደለው የሚል ካለ ይምጣና ያስረዳኝ።

ምናልባት ጸሐፊው የጠሉት ሜትሮኖሙን ሳይሆን አጠቃቀሙን ይሆናል። ስልክ ላይ ያለው ሜትሮኖም ሲከፈት አራት አራት ነው የሚቆጥረው። በእሱ ላይ ችክችካ ልጫወት ያለ ሰው በእርግጥ ይናደዳል። መንገዱ ሌላ ነው። ስድስቱን ምት አስቡ። እግራችሁ አንደኛውና አራተኛው ላይ ይውረድ። ሜትሮኖሙ የሚመታው እነዚህን ሁለቱን ብቻ ይሁን፤ በደቂቃ 60 ላይ ጀምሩ፣ ዝግ ይበል። በእያንዳንዱ ምት ውስጥ ሦስት ትንንሽ ምት ቁጠሩ። ይሄ ሲለመድ እግሩን ሳትለውጡ በእጃችሁ አንደኛው፣ ሦስተኛውና አምስተኛው ላይ አጨብጭቡ። እግር ሁለት፣ እጅ ሦስት። መጀመሪያ ላይ እጅና እግር ይጣላሉ። በኋላ ይታረቃሉ፤ ያኔ የችክችካ ምስጢር በሰውነታችሁ ገባ ማለት ነው። አንዱ ስድስት ምት በሁለትም በሦስትም ይሰማል። ቤዚስቱ በየትኛው እንደሄደ ነው የሰዉ ትከሻ የሚከተለው።

ከዚያ ከባድ አድርጉት። ሜትሮኖሙ አራተኛው ምት ላይ ብቻ ይምታ፣ አንደኛውን እናንተ ሙሉት። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ቁጭ ብላችሁ ሞክሩት። ድምፁን የሚያጠፋና የሚመልስ መተግበሪያም አለ። አራት ዙር ይመታል፣ አራት ዙር ዝም ይላል። ሲመለስ የት እንዳላችሁ ይነግራችኋል። ከፈጠናችሁ ቀድማችሁት ትገኛላችሁ። ካመነታችሁ ኋላ ቀርታችኋል። ይህን ያለፈ ሰው መድረክ ላይ ሜትሮኖም አያስፈልገውም። የልምምዱም ዓላማ እሱ ነው። ዘፈኑ መፍጠን ካለበት ራሱ ወስኖ ያፈጥነዋል፤ ሳያውቀው አይፈጥንበትም።

ሌላም ጸሐፊው ያልነኩት ነገር አለ። ቤዝ ኖቱ የሚጀምርበት ብቻ አይደለም፣ የሚያልቅበትም ነው። ሪከርድ እያደረጋችሁ አንድ ኖት ብቻ፣ ሲ ይሁን፣ በችክችካ ምቱ። መጀመሪያ አንደኛውን ምት እስከ አራተኛው ድረስ ይዛችሁ ቆዩ። ቀጥሎ ያንኑ ምታችሁ ሦስተኛው ላይ ግራ እጃችሁን ከክሩ ሳታነሱ ላላ አድርጉ፤ ድምፁ ይቆማል። መልሳችሁ ስሙት። ኖቱ ያው፣ ፍጥነቱ ያው ነው። የመጀመሪያው ይጎተታል፣ ሁለተኛው ይዘላል። በየትኛውም ሱቅ ውስጥ ይህን የሚያደርግ ዕቃ አይሸጥም። የጸሐፊው ችግር በሙሉ እኔ እንደማየው እዚህ ነው ያለው። ከስድስቱ ምክር ሦስቱ ስለሚገዛ ነገር ነው፤ ስለ ምት ያሉት አንዱ ደግሞ «አትልፉ» የሚል ነው።

በነገራችን ላይ ዘፈን እየሰሙ ቤዝ የሚያጠኑ ልጆች፣ በስልኩ ስፒከር አትድከሙ። የቤዝ ዝቅተኛዋ ኢ 41 ኸርዝ ናት፤ ስልክ አያወጣትም። ጆሮ ማዳመጫ አድርጉና የዋልያስ ባንድን መላከ ገብሬን፣ የሮሃ ባንድን ጆቫኒ ሪኮን ስሙ። ሮሃ የካሴት ዘመንን ግማሹን ያጀበ ባንድ ነው። ስታዳምጡ የመቷቸውን ኖቶች ብቻ አትከተሉ፤ ያልመቷቸውንም ቁጠሩ።

ቀረችን የኪቦርዷ። እውነቱን እንነጋገር፣ ጸሐፊው ያዩት ነገር አለ። ሰርግ ላይ አንድ ኪቦርዲስትና አንድ ድምፃዊ፣ ሲበዛ አንድ ሳክስፎን፣ አለቀ። ደጋሹ የሚከፍለው ለሁለት ወይም ለሦስት ሰው ነው። ቤዚስት ሲጨመር ክፍያው ይከፈላል፣ ወይም ደጋሹ «እሱ ደግሞ ምን ይሠራል?» ይላል። በቤዝ ብቻ ደሴ ላይ ቤተሰብ አስተዳድራለሁ ለሚል ልጅ «ሌላም ሥራ ይኑርህ» ብለው ከሆነ እኔም አብሬያቸው እላለሁ።

«ግራ እጁ ቤዙን ይተካዋል» የሚለው ግን ሙዚቃዊ አነጋገር ነው፣ በሙዚቃም ይመለስ። ጎበዝ ኪቦርዲስት አውቶውን (ማሽኑ በራሱ የሚያጅብበትን) አጥፍቶ በግራ እጁ ነጠላ ቤዝ ሲጫወት ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ። ብዙው ግን እንደዚያ አይደለም። ግራ እጅ ኮርድ (አብረው የሚጮሁ ኖቶች) ይይዛል፣ ማሽኑ ከኮርዱ ተነስቶ ቤዙንም አጃቢውንም ራሱ ይሞላል። ማሽኑ የሚያውቀው ሜጀርና ማይነር ነው። ትዝታ ቅኝት ላይ ይህ ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ የትዝታ ሜጀር ውስጥ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ስላሉ የሲ ሜጀር ኮርድ ሳይጋጭ ይቀመጣል።

አምባሰል ላይስ? ከሲ ሲነሳ አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። ሦስተኛ የሚባለው ኖት፣ ኢም ሆነ ኢ ፍላት፣ የለውም። የአምባሰል ያ የሚያሳዝንም የሚያኮራም መልኩ ከእዚህ ነው የሚመጣው፤ ከሲ ወዲያው ዲ ፍላት፣ ከዚያ ሰፊ ዝላይ ወደ ኤፍ። አሁን ኪቦርዲስቱ ሲ ማይነር ያዘ። ማሽኑ ኢ ፍላት ጨመረበት። ቤዙም በተራው በኢ ፍላት እያለፈ ይራመዳል። ድምፃዊቷ የማሪቱ ለገሰን መንገድ ተከትላ ዲ ፍላት ላይ ስትንቀጠቀጥ ከሥሯ ኢ ፍላት እየረገጠ የሚሄድ ቤዝ አለ። አድማጩ ምን እንደሆነ ስሙን አያውቀውም። «አምባሰል አምባሰል አልሸት አለኝ» ይላል ግን። እዚህ አገር ሰው አምባሰልን ከዘፋኝ እኩል ይሰማል፤ ተራራው ራሱ ከሐይቅ ባሻገር ቆሞ ያዳምጣል።

ቤዚስቱ ይህን ሁሉ በአራት ክር ይፈታዋል። ሲ ይረግጣል፣ ጂን ይጨምራል፣ ኤፍን ይነካል፣ ወደ ሲ ሲመለስ ከዲ ፍላት ተንሸራቶ ይወርዳል። ያቺን ኢ ፍላት አይነካትም። ድምፃዊቷ መስመሩን ልታስረዝም ስትፈልግ ይጠብቃታል፤ ማሽኑ አይጠብቅም። የባህል ባንዶች ቤዝ ክራር የሚባለውን ወፍራም ክራር የያዙትም ይሄ ቦታ በሌላ እንደማይሞላ ስለገባቸው ይመስለኛል። ባቲም ላይ ተመሳሳይ ጣጣ አለ፤ ማይነሩ ባቲ ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት ስለሆነ ኮርዱ ራሱ ያልፋል፣ ማሽኑ በመተላለፊያ ላይ ዲ ወይም ኤ ፍላት ሲያስገባ ነው የሚበላሸው።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ቤታቸው ኪቦርድ እንደማይጠፋ እገምታለሁ። አውቶውን ይክፈቱ፣ ሲ ማይነር ይያዙ፣ በቀኝ እጃቸው አምባሰልን ዝግ አድርገው ይጫወቱ። ከዚያ አውቶውን አጥፍተው በግራ እጃቸው ሲ እና ጂን ብቻ እየያዙ ይድገሙት። የትኛውን ለአክስታቸው ሰርግ እንደሚመርጡ በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ቢነግሩን ደስ ይለኛል።